የጎንደር መስኮቶችና የመተማ መንገድ

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በኮኪትና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ በጉዞው መጀመሪያ የሚያያቸው የቆላ ጎጆዎች አብዛኛውን ጊዜ መስኮት የላቸውም። ስለምን እንዳልተበጀላቸው መጠየቅም አያሻም፤ ከሽመልና ከሣር የተሠራ ግድግዳ ራሱ መስኮት ነውና። ነፋሱ በሽመሉ መካከል እየሾለከ ይገባል፤ ጢሱ በሣሩ ክዳን በኩል ይወጣል፤ ብርሃኑም በወንፊት እንደ ተነፋ ዱቄት መሬቱ ላይ ይበተናል። በቋራና በመተማ ቆላ የኖሩት ጉሙዞችም ሆኑ ከደጋ ወርደው የሰፈሩት አማሮች ይህን የግድግዳ ጥበብ በየፊናቸው ያውቁታል። መንገዱ ወደ ጭልጋ ሲቃረብና አየሩ ሲቀዘቅዝ ግን ግድግዳው እየወፈረ፣ ጭቃው እየተመረገ ይሄዳል። 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት መተማ ተነሥቶ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ እስካላት ጎንደር ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ መንገድ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋዩም መስኮት ይጠይቃል።

ስለ ጎንደር ግንቦች የተጻፈው ሁሉ ቢሰበሰብ አብዛኛው ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ግብር አዳራሹ ነው። መስኮቱን ያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥንታዊ ሕንጻ ከዘመን ወደ ዘመን ሲሻገር አስቀድሞ የሚያጣው መስኮቱን ነው። ድንጋይ እሳትንም ዝናብንም ይችላል፤ ሳንቃና መቃን ሁለቱንም አይችሉም። ከተማው በጠላት እጅ ሲወድቅ ፈጥኖ የሚነደው፣ ቤቱ ባለቤት ሲያጣ ፈጥኖ ተነቅሎ የሚወሰደው፣ ጠጋኝ ሲመጣም ፈጥኖ የሚለወጠው እርሱ ነው። የግንቡን ዕድሜ ከግድግዳው ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ በግንቡ ላይ የደረሰውን መከራ የሚናገረው ግን መስኮቱ ነው። ያንን ታሪክ ለመከተል የመተማን መንገድ መከተል ግድ ይላል፤ ብዙ ነገር በዚያ መጥቷል፤ ብዙ ነገርም በዚያው ሄዷልና።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ነው። የግንባቸው ሠሪ ማን እንደ ሆነ ሲያከራክር ኖሯል። «የፖርቱጋል ግንብ» የሚለው ስያሜ በውጭ አገር ጸሐፊዎች ዘንድ ሥር ሰድዶ ቢቆይም፣ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ መሆናቸው ሲታሰብ ስያሜው ፈገግ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የገባው አል-ሐይሚ ግንቡን በዓይኑ አይቶ፣ በድንጋይና በኖራ የታነጸ ድንቅ ሥራ መሆኑን መስክሮ፣ አናጺው ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፏል። ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ የመጣ ባለሙያ እንዳገኘው የኢየሱሳውያኑም ጽሑፎች ያወሳሉ። እንግዲህ የፖርቱጋሉም፣ የሕንዱም፣ የቱርኩም ጥላ በዚያ ሕንጻ ላይ አርፏል ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ድንጋዩን የፈለጡት፣ ኖራውን ያቃጠሉትና እንጨቱን የጠረቡት እጆች ግን የአገሬው ነበሩ።

የመስኮቱ ቅርጽ ይህንኑ የብዙ አገር ዝምድና ያሳያል። ግድግዳው ከጥቁር ድንጋይ የተገነባ ሲሆን የመስኮቱና የበሩ ዙሪያ ቀላ ባለ፣ ለመጥረብ በሚመች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከፍፏል፤ አናቱም በግማሽ ክብ ቅስት ተደፍቷል። ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ዓይን የሚስበው ይህ ቅስት ነው። ዋናው ነገር ያለው ግን ከውስጥ ነው። በወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ የተጋደመው የእንጨት ጉበን፣ ከእርሱ በታች ግራና ቀኝ የቆመው መቃን፣ በመቃኑም ላይ የሚዞረው ባለ ሳንቃ መዝጊያ፣ ከመዝጊያውም ጀርባ የሚገባው መወርወሪያ፤ እነዚህ አንድ ላይ ሆነው መስኮት ይባላሉ። ቅስቱ የመስኮቱ አክሊል ቢሆን ነው። መዝጊያው ሲከፈት ብርሃንም ብርድም ይገባል፤ ሲዘጋ ሁለቱም በደጅ ይቀራሉ።

ድንጋይና እንጨት በአንድ ግድግዳ መዋላቸው ለጎንደር እንግዳ ነገር አልነበረም። በአክሱም ዘመን አሠራር የመቃኑ ማእዘኖች ከግድግዳው ወጣ ብለው አራት ማዕዘን ቁራጭ ሆነው ይታዩ ነበር። የግድግዳውን ሰረገሎች የሚያያይዙት ክብ የእንጨት ጫፎች ደግሞ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይታያሉ። ላሊበላ ላይ የሆነው ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ እንደ መሆኑ ጉበንም መቃንም አያስፈልገውም ነበር። ሆኖም በታችኛው ረድፍ ያሉት የማይከፈቱ መስኮቶቹ የእንጨት መቃን ማእዘን እንዲመስሉ ተደርገው ተቀርጸዋል። ጠራቢው በዐለት ላይ የእንጨትን ትዝታ ጻፈ። መስኮት ለዚህ አገር ሰው የአየር መግቢያ ቀዳዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዐለት ቀርጾ እንጨት ለማስመሰል ያን ያህል ባልደከመም ነበር።

መስታወትም በጎንደር አልታጣም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት ከቬኒስ የመጣ መስታወት እንደ ነበረ ጽፏል፤ የአገሬውም ትውፊት የዐፄ ኢያሱ ግንብ በመስታወትና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ እንደ ነበር ያወሳል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ያ መስታወት የተለጠፈው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ መሆኑ ነው፤ መስኮቱን የሚዘጋው ሳንቃ ነበር። የከበረው ብርጭቆ ብርሃኑን ከውስጥ ሆኖ ይቀበላል፤ ከደጅ የሚያስገባው ግን በአገር ልጅ የተጠረበ እንጨት ነው። የዛሬ ጠጋኝ «ለቤተ መንግሥት የሚገባው መስታወት ነው» ብሎ የሳንቃውን መዝጊያ ሲያነሣ የጎንደርን ክብር የጨመረ ይመስለው ይሆናል፤ የሚያደርገው ግን የጎንደርን ሰው ምርጫ መገልበጥ ነው።

እነዚያ እጆች የማን እንደ ነበሩ ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከግንበኞቹ፣ ከአናጢዎቹና ከብረት ሠሪዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ሙያቸው ስለ ተፈለገ ከመካከላቸው አለቆች ተሹመዋል፤ ማዕረግም ተሰጥቷቸዋል። ግን የብረቱን ማጠፊያ ለንጉሥ መስኮት የሚያበጀው ሰው በገበያው መካከል «ቡዳ» ተብሎ ይፈራና ይገለል ነበር። እጁ ቤተ መንግሥት ገባ፤ እርሱ ከደጅ ቀረ። በደንገል፣ በጭልጋና በወለቃ መንደሮች የኖረው ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ እንጂ በመጽሐፍ የተጻፈ አልነበረም። የዚህም መዘዝ በኋላ ይታያል።

መንገዱም በበኩሉ ሥራውን ይሠራ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዐፄ ኢያሱን ሊያክም እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው በስናር በኩል ነው። ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ሲሰናበት በራስ አል-ፊል፣ ማለት በዛሬው የመተማ አካባቢ በኩል ወደ ስናር ወረደ። ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ባሪያ ተብሎ የሚነዳው የሰው ልጅ በዚያ ይወጣ ነበር፤ ጨርቅና የብርጭቆ ዶቃ በዚያ ይገባ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲጓዙ በመንገድ የቀሩት ተክሩሮች መተማን ታላቅ ገበያ አደረጓት። የቋራው ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በሽፍትነት ዘመኑ ያደገው በዚሁ ቆላ ነው።

በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ግን በዚህ መንገድ የመጣው ጦር ነበር። በሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራው የመሐዲስቶች ሠራዊት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በሳር ውኃ ድል ካደረገ በኋላ ጎንደር ገብቶ ከተማይቱን ዘረፈ፤ አቃጠለ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ ብድሩን ለመመለስ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ መተማ ወረዱ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል ቆስለው በማግሥቱ ዐረፉ። ከተማይቱም «መተማ ዮሐንስ» ተባለች። ታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመን ኪሣራ ሲቆጥሩ የሞተውን ሰው፣ የተማረከውን፣ የነደደውን ቤተ ክርስቲያንና መጽሐፍ ይቆጥራሉ፤ ሊያስቀድሙትም የሚገባው ይህን ነው። የነደደውን ጉበንና መዝጊያ የቆጠረ ግን አልተገኘም፤ ሊገኝም አይጠበቅም ነበር።

ቁስቋም የዚህ ምስክር ናት። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ራቅ ብለው በተራራው ግርጌ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ከመሐዲስቶቹ እሳት አላመለጠም። ቀዩ ድንጋይ፣ የመስቀሉና የእንስሳቱ ቅርጽ በግድግዳው ላይ ቀርቷል። ጣራው፣ የፎቁ ወለልና የመስኮቱ እንጨት ግን ሄዷል። ወለል ስለሌለ የላይኛው ፎቅ መስኮት ሰው የማይደርስበት መስኮት ሆኗል። ጣራ ስለሌለም በውጭ በኩል ሰማይ ይታይበታል፤ በውስጥ በኩልም ሰማይ ይታይበታል። ሲፈርስ የኖረውን ግድግዳ የሚመረምር ሰው በቶሎ የሚገነዘበው ነገር አለ፤ የእንጨት ጉበን ተቃጥሎ ወይም በስብሶ ሲወድቅ በላዩ የተደገፈው ድንጋይ ይከተላል፤ ከዚያም ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። መስኮት ሲጠፋ የጠፋው መስኮት ብቻ አይደለም።

ጣሊያኖች ጎንደርን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ሲይዙ የፋሲልን ግቢ ለአስተዳደራቸውና ለጦራቸው ተገለገሉበት። ፍርስራሽ ውስጥ መሥራት ስለማይቻል ጠገኑት። ለዚህ ውለታ ሊመሰገኑ የሚሹ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ አንዳንዱን ግድግዳ ከመውደቅ ማዳናቸውም አይካድም። ይሁንና የጠገኑት ለራሳቸው ምቾትና በራሳቸው ዘመን ቁስ፣ በሲሚንቶና በብረት ነበር። የጥፋቱ ምንጭ ክፋት መሆን አላስፈለገውም፤ ቁሱ ብቻ በቂ ነበር። ኖራ ለስላሳ ነው፤ እርጥበትን ይቀበላል፤ ፀሐይ ሲወጣም ይለቃል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ አንድ ጊዜ በድንጋዩ መካከል ከተቀመጠ የገባውን ውኃ መውጫ ይነሣዋል። ውኃውም በሲሚንቶው ማለፍ ሲያቅተው በለስላሳው ቀይ ድንጋይ በኩል ይወጣል፤ ጨዉን ይዞ ስለሚወጣም የድንጋዩን ፊት እየፋቀ ያረግፈዋል። ብረት ደግሞ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም ያቀፈውን ድንጋይ ይሰነጥቃል። ይህ ሁሉ ከሌላ ቦታ ይልቅ በመስኮቱ ዙሪያ ይበረታል፤ ቀዩ ድንጋይ ያለው፣ የክረምቱም ውኃ የሚወርደው እዚያ ነውና።

ጦርነቱ ዳግመኛ በመተማ በኩል ተከፈተ። በጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1940፣ በብርጋዴር ስሊም የሚመራው ጦር ከሱዳን ተነሥቶ ጋላባትን መታ፤ መተማን ግን ሊይዝ አልቻለም። ጣሊያኖች መተማን የለቀቁት በሚከተለው ዓመት መጀመሪያ ነው። የጎንደር ጦራቸው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስም ከተማይቱ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደበደበች። እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ የነበረው የዐፄ ኢያሱ ግንብ ይህኛው ቦምብ የውስጡን አሳጣው። መስታወቱና የዝሆን ጥርሱ የሚወሳበት አዳራሽ ዛሬ ባዶ ግድግዳ ነው። ጠላትን ለማስወጣት የተጣለ ቦምብ የባለ አገሩን መስኮት መስበሩ የጦርነት ባሕርይ ነው፤ ያም ቢሆን ሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ቅርስን በሕግ መጠበቅ ጀመረ። የመጀመሪያው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 229፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ደነገገ። ዙሪያው 900 ሜትር በሆነ ቅጥር የታጠረው የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። የጣሊያኖቹ ሲሚንቶ በኋላ በተደረጉት ጥገናዎች በኖራ እንዲተካ ተደረገ፤ አንዱ ዘመን የጠገነውን ሌላው ዘመን እየፋቀ ሲያነሣ ማየት ለጠጋኝ ሁሉ ትምህርት ሊሆን በተገባ ነበር። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ግቢው እንደ ገና ሰፊ ጥገና ሲደረግለት የግድግዳው መልክ መለወጡ ብዙ አከራከረ። ስለ መልክ መከራከር መልካም ነው። መልክ ግን በዝናብ ይደበዝዛል፤ የተነቀለ መቃን ተመልሶ አይበቅልም።

እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያጸደቁት ቻርተር ለዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ይናገራል። ጥገና መቆም ያለበት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ነው ይላል፤ የጎደለውን የሚተካው ክፍልም ከቀረው ጋር የተስማማ፣ ሆኖም ከጥንቱ ተለይቶ የሚታወቅ ይሁን ይላል። ለድንጋይ ይህ ቀላል ነው። ለመስኮት ግን ያስጨንቃል፤ በጎንደር የተረፈው እንጨት ጥቂት ነውና። ሠሪው ባዶውን ክፍተት ፊት ለፊት ቆሞ ምን ይሠራል? ክፍተቱን ባዶ ቢተወው ዝናቡ ወለሉን ይበላዋል፤ የሌሊት ወፍ ይሰፍርበታል፤ ጎብኚም ሊወድቅበት ይችላል። ቢዘጋው ደግሞ በምን?

ዛሬ የሚቀርቡት መልሶች ቀላልነታቸው ያስፈራል። አሉሚኒየምና መስታወት ከገበያ ተለክቶ ይመጣል፤ አይበሰብስም፤ ቀለም አይጠይቅም፤ በሁለት ቀን ይገጠማል። ላሜራም እንዲሁ። በአዲስ አበባ አሮጌ ሠፈሮች፣ በጣሊያን ዘመን በተሠራው የጎንደር ፒያሳም ቢሆን፣ አሮጌ የእንጨት መስኮት ወርዶ በዚህ ዓይነት ሲተካ ማየት የተለመደ ነው። ይህን የሚያደርገውን ባለቤት ወይም ኃላፊ «ቅርስ አጥፊ» ብሎ ማለፍ አይቀናም። ብርድ ያለበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሙቀት ይፈልጋል፤ በዓመት በዓመቱ ለአናጢ የሚከፍለው ገንዘብም ያጣ ይሆናል። ችግሩ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን የተሳሳተ ነው። አሉሚኒየሙ እንዲገጠም መቃኑ መነቀል አለበት፤ መቃኑ ሲነቀል ጠርዙ ይፈርሳል፤ የፈረሰው በሲሚንቶ ይሞላል። ታሪኩ ከዚያ ወዲያ ከላይ የተነገረው ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ሲቸገር ኖሯል። በእንግሊዝ አገር በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ያለው ሰው የመስኮቱን ገጽታ ያለ ፈቃድ ሊለውጥ አይችልም፤ ብርዱን ለመከላከል የሚመከረው አንዱ መንገድ አሮጌውን መስኮት ሳይነኩ ከበስተ ውስጥ ተጨማሪ መስታወት ማቆም ነው። ቀን ሲመጣ ሊነሣ ይችላል፤ ሲነሣም ጠባሳ አይተውም። ወደ ጎረቤት ብንሻገር ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር ያለችው ሱዋኪን አለች። ከመርጃን ድንጋይ የተሠሩት ቤቶቿ «ሮሻን» በሚባል ወደ ጎዳናው በወጣ የእንጨት መስኮት ያጌጡ ነበሩ። በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ ፖርት ሱዳን ተመሥርታ ነጋዴው ሁሉ ወደዚያ ሲሄድ የሚጠግናቸው አጡ፤ ቤቶቹም አንድ በአንድ ወደቁ። ሱዋኪንን ያፈረሳት ጠላት አልነበረም። የክረምቱን ሥራ በክረምቱ የሚሠራ ሰው ማጣቷ ብቻ አፈረሳት።

ለጎንደርም የሚበጀው መንገድ ከዚህ ይቀዳል። የበሰበሰው አብዛኛውን ጊዜ የመስኮቱ የታችኛው ክፍል ነው፤ ውኃ የሚቆመው እዚያ ነውና። የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ፣ በዚያው ዓይነት እንጨት አጋጥሞ መቀጠል የአናጢ ሁሉ ፊደል ነው። ጽድና ወይራ ምስጥን የሚመክቱ ናቸው፤ ዋንዛ ደግሞ ለሳንቃ ይመቻል። እነዚህ ዛፎች በመመናመናቸው የተነሣ ግን ዛሬ ባሕር ዛፍ በቅርስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ገና እርጥብ ሳለ ስለሚገጠምም ይጣመማል፤ መዝጊያው አልገጥም ይላል፤ ከዚያም ጥፋቱ የእንጨት ነው ተብሎ አሉሚኒየም ይመጣል። ጥፋቱ የችኮላ ነበር። በአንድ በኩል የቆላው ሰው ይህን ከደገኛው በተሻለ ያውቃል፤ በመተማ ምስጥ እንጨትን በአንድ ክረምት ሊጨርስ ስለሚችል የትኛው ግንድ እንደሚቆይና የትኛው እንደማይቆይ ሳያውቅ ቤት የሚሠራ የለም። የተረፈ መቃን ያለበት መስኮት ላይ ሌላውን በአምሳያው መሥራት ይቻላል። ምንም ያልተረፈበት ላይ ግን ተራ የሆነ፣ ቅርጽ የሌለው ሳንቃ በኖራው ላይ ቀለል አድርጎ ማሰር፣ የተሠራበትንም ዓመት በስተጀርባው መጻፍ ሐቀኛ ሥራ ነው። የሚነሣው አሮጌ እንጨትም ማገዶ ከመሆኑ በፊት ሥዕሉና ልኩ ተወስዶ፣ ከየትኛው መስኮት እንደ መጣ ተጽፎበት ሊቀመጥ ይገባል። የጎንደርን ማጠፊያ ወይም ምስማር እንዴት ይሠሩት እንደ ነበር የሚያስረዳ መጽሐፍ የለም፤ ያለው መጽሐፍ ያ እንጨት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ከእንጨት ያልፋል። አሮጌውን በአምሳያው እሠራለሁ ለሚል ሰው እንጨቱ ቢገኝ እንኳ እጁ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1984 በረሃብና በጦርነት መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከጎንደር ዙሪያና ከጎረቤት አውራጃዎች ተነሥተው በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ወረዱ። ቆላውን በእግራቸው አቋረጡት፤ ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለው በኡም ራኩባ መጠለያም ብዙዎቹ ሰፈሩ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። የተረፉት በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ሌሎቹም በ1991 ከአዲስ አበባ ተከተሉ። ፖንሴ የመጣበት፣ ብሩስ የሄደበት፣ የአቡ አንጃ ጦር የወጣበት ቆላ ይህንንም ጉዞ አሳለፈ። ከተጓዦቹ መካከል አባቱ ማጠፊያ፣ አያቱ ምስማር፣ ቅድመ አያቱ የንጉሥ መስኮት ያበጀ ሰው አልነበረም ብሎ ማን ይምላል? ወለቃ ዛሬ ጎብኚ የሚያውቃት በሸክላ ሥራዋ ነው። የብረቱ ወናፍ በአብዛኛው ዝም ብሏል።

ሙያውን ያስወጣው ረሃቡና ጦርነቱ ብቻ እንዳልሆነም መነገር አለበት። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ «ቡዳ» ሲባል የኖረ ሰው ልጁን በዚያው ሙያ ለማስቀረት ምክንያት አልነበረውም። መስኮቱን የሚያደንቅና መስኮት ሠሪውን የሚያገል ማኅበረሰብ ከሁለት አንዱን እንደሚያጣ ያልታወቀው ለማኅበረሰቡ ብቻ ነበር።

ለዛሬው ጎንደር አናጢ የቀረለት ትምህርት ቤት እንግዲህ ግድግዳው ራሱ ነው። በፋሲል ግቢ ውስጥ በተጠገኑት ግንቦች ላይ የገቡት መዝጊያዎች አብዛኞቹ የቅርብ ዘመን ሥራ መሆናቸውን የተለማመደ ዓይን በቀላሉ ይለያል፤ ሳንቃው በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጂ በጥርብ የተስተካከለ አይደለም። በቁስቋም ግን የሚያታልል ነገር የለም። የፎቁን ሰረገላ የተሸከሙት ቀዳዳዎች በግድግዳው ላይ በረድፍ ይታያሉ፤ ከእነርሱ በላይ የመስኮቶቹ ቅስቶች ባዶአቸውን ቆመዋል። ሰረገላው የት ላይ ያርፍ እንደ ነበር፣ መቃኑ በስንት ጣት ውፍረት ይገባ እንደ ነበር ገመድ ይዞ የሚለካ ሰው ከዚያ ሊያገኘው ይችላል። ወደ ምዕራብ በተከፈቱት በኩል በመስከረም ማለዳ የሚታየው ሰማይ እስከ መተማ ይዘልቃል።